የተከደነችው ምንጭ

ሰቆጣ ቦኖ ላይ ወረፋ ስጠብቅ፣ ከጀሪካኖቹ ሥር የራሰው አፈር ሲሸተኝ አክስቴ ትዝ አሉኝ።

ደሃና ወረዳ ሳለን ከቤታችን በላይ፣ ገደሉ ሥር፣ እሳቸውና እኔ ብቻ የምናውቃት ትንሽ ምንጭ ነበረች። ቀድተን ስንጨርስ በጠፍጣፋ ድንጋይ ከድነው እሾህ ይጭኑባታል። እኔ ደግሞ ከኋላ እየተከተልኩ ዱካችንን በቅጠል አጠፋለሁ።

ዝናብ በቀረበት ዓመት የጎረቤታችን ላም በውሃ ጥም ሞተች። የዚያን እሁድ ቅዳሴ ሲያልቅ አክስቴ ከሴቶቹ መካከል ተነሡ።

«ገደሉ ሥር ውሃ አለ» አሉ። «እስካሁን ደብቄያችሁ ኖሬያለሁ። ይቅር በሉኝ።»

ከሰዓት በኋላ ወደ ምንጯ ስንሄድ ሰልፉ ረዝሞ ነበር። አክስቴ እንስራቸውን ይዘው መጨረሻ ላይ ቆሙ።

«በራስዎ ውሃ ይሰለፋሉ?» አልኳቸው።

«ተዪኝ እስቲ፤ ውሃ ልቀዳ መጥቼ ኋላዬን ሳላይ የቆምኩት ዛሬ ገና ነው።»

አሁን ተራዬን ስጠብቅ የማስበው መመለሻችንን ነው። ውሃው ሳይደርሰን አልቆ፣ ሰው ሲመላለስበት በዋለው መንገድ ባዶ እንስራ ይዘን ወረድን። እኔ ከልማዴ ቅጠል ቆርጬ ዱካችንን ላጠፋ ጎንበስ ስል፣ አክስቴ ቅጠሉን ከእጄ ወስደው ጣሉት።