የሸኩር ዳለቻ የሠራበት ፊልም

ሸኩር አባዲጋ ውሻውን ከቡችላነቱ ጀምሮ ሲያሳድገው አንድም ቀን በእጁ ነክቶት አያውቅም። ይህን የአዲስ አበባ ሰው ቢሰማ ይስቃል፤ ጅማ ላይ ግን የሚያስቅ ነገር የለውም። ሸኩር ከአወቱ መንደራ ሰፈር አለፍ ብሎ ያለ የቡና መጋዘን ዘበኛ ነበር። መጋዘኑ ቀድሞ የነጋዴ፣ ከአብዮቱ ወዲህ ደግሞ የመንግሥት ነው፤ ዘበኛው ግን ያው ሸኩር ነው። ሶላቱን ሰዓቱን ጠብቆ ይሰግዳል። የውሻ ምራቅ የነካው እንደሆነ ሰባት ጊዜ፣ ከሰባቱም አንዱን በአፈር፣ መታጠብ አለበት። ውሃው የሚመጣው ደግሞ ከሩቅ ቧንቧ ተቀድቶ በሚስቱ በዘይቡ ጀርባ ነው። ዘይቡ በውሃ ጉዳይ ቀልድ አታውቅም።

ስለዚህ ሸኩር ዘዴ አበጀ። ለውሻው ምግቡን የሚያቀርብለት በረጅም ሸንበቆ ጫፍ ላይ ባሰረው ጣሳ ነው። አፉ አብዛኛውን ጊዜ አላህን በሚያወሳበት ዚክር የተያዘ ስለሆነ ትእዛዙን ሁሉ በእጁ አደረገው። መዳፉን ወደ መሬት ሲያዞር ዳለቻ ባለበት ይተኛል። መዳፉን ወደ ሰማይ ገልብጦ ቀስ እያለ ከፍ ሲያደርግ ይነሳል። በጣቱ አጥሩን ሲያመለክት አጥሩን ዞሮ ይመጣል። ዳለቻ የተባለው በመልኩ ነው፤ ጠጉሩ አመድማ ሆኖ ጆሮው ላይ ብቻ ይጠቁራል። በሁለቱ መካከል ሁልጊዜ አንድ ሸንበቆ የሚያህል ርቀት ነበር፤ በዚያ ርቀት ላይ ሆነው ግን ብዙ ባልና ሚስት የማይግባቡትን ያህል ይግባቡ ነበር።

ከትምህርቱ ሁሉ ሸኩር ብዙ የደከመበት ዳለቻ ከመሬት እንዳይበላ ማድረጉ ላይ ነው። በከተማው ባለቤት የሌለው ውሻ በበዛና የእብድ ውሻ ወሬ በተነሳ ቁጥር፣ በድምፅ ማጉያ ውሻችሁን እሰሩ ይባልና ሲመሽ መርዝ ያለበት ሥጋ በየመንገዱ ይጣላል። ሰው ውሻውን ያስራል። ዳለቻን ማን ይሰረው? አንገቱ ገመድ አያውቅም፤ ገመድ የሚያጠልቅለትም እጅ የለም። ሸኩር እንግዲህ ሥጋ ገዝቶ በሚጥሚጣ አሸው፤ የመጋዘኑ ተሸካሚዎችም እየተቀያየሩ ከአጥሩ ውጭ እንዲወረውሩለት አደረገ። አፉ ደጋግሞ ከተቃጠለ በኋላ ዳለቻ ነገሩ ገባው። ከዚያ ወዲያ ሙዳ ሥጋ አፍንጫው ስር ቢወድቅ ፊቱን ያዞራል። የሰፈሩ ውሻ ሁለት ሦስቴ አልቆ ሲተካ ዳለቻ ግን ቆየ። ጎረቤታቸው ሽማግሌው ልብስ ሰፊ አባቦራ፣ ይህ ውሻ ከእኔ ይልቅ ሆዱን ይገዛል እያሉ ያሾፉ ነበር። ከዚያ በላይ ግን ውሻውን በበጎ አንስተውት አያውቁም፤ በእሱ ምክንያት ወደ ሸኩር ቤት ጎራ ማለት ካቆሙ ቆይተዋል።

የዳለቻ ዝና የወጣው በፎቶ አንሺው በብርሃኔ ነው። አንድ የባትሪ ድንጋይ አከፋፋይ የማስታወቂያ ሥዕል አምጣ ብሎት ሲጨነቅ፣ ዳለቻን በቡና ጆንያዎች መሐል አስቀምጦ የእጅ ባትሪ በአፉ እንደያዘ አነሳው። ሥዕሉ ከጅማ እስከ ሊሙ ገነት በየሱቁ ተሰቀለ። ሸኩር ዝምተኛ ሰው ነው፤ ግን ከዚያ በኋላ ሱቅ ወዳድ ሆነ። ቤቱ ክብሪት ሞልቶ ሌላ ክብሪት ይገዛና ቀና ብሎ ሥዕሉን አይቶ ይወጣል። ሰው ሁሉ የሚጸየፈው ውሻው እዚያ ላይ ተከብሮ ሲያየው ደስ ይለው ነበር። ብርሃኔም በፎቶ ቤቱ መስኮት ከሥዕሉ ስር «ለፊልምና ለማስታወቂያ ሥራ የሰለጠነ ውሻ አለ» ብሎ በቀይ ቀለም ጻፈበት። ጅማ ላይ ፊልም የሚሠራው ማን እንደሆነ እሱም አያውቅም።

ግን መጣ። በስድሳዎቹ መጨረሻ ላይ እሱባለው የሚባል ወጣት የፊልም አዘጋጅ ካሜራና ባልደረቦቹን በላንድሮቨር ጭኖ ከአዲስ አበባ ወረደ። የኮንትሮባንድ ቡናን የሚያወግዝ አጭር ፊልም ሊሠራ ነው። ጽሑፉን መስኮቱ ላይ ሲያነብ ዓይኑን ማመን አቃተው፤ በዚያው ቀን መጋዘኑ በር ላይ ቆመ። ዳለቻ ያለ አንዳች ድምፅ፣ በእጅ ብቻ፣ ሲተኛና ሲነሳ ሲያይ ደግሞ እጁን አፉ ላይ ጫነ።

የፊልሙ ታሪክ አጭር ነው። ሌባ መጋዘን ሊዘርፍ ይመጣል፤ ለውሻው ሥጋ ይወረውራል፤ ውሻው በልቶ ያንቀላፋል፤ ቡናው ሊጫን ሲል ሰፊው ሕዝብ ደርሶ ሌባውን ይይዛል። ከውሻ ይልቅ ንቁ ሕዝብ ይሻላል ለማለት ነው። ዳለቻ ይህን ባለመስማቱ አልተቀየመም።

ሸኩር ግን እሺ አላለም።

«ይህ ውሻ ከመሬት አይበላም» አለ። «እስከ ዛሬ የኖረው ባለመብላቱ ነው።»

እሱባለው ጨዋ ልጅ ነበር፤ አላስገደደም። የሰጡትን ሁሉ የሚበላ፣ አጋሮ ላይ ያገኙትን የአንድ ፖሊስ ውሻ እንደሚወስዱ ነግሮት አመስግኖት ሄደ። ሸኩር ከበሩ ሳይንቀሳቀስ ቆየ። የአጋሮው ውሻ፣ የሰጡትን ሁሉ የሚበላው፣ ፊልም ላይ ሊወጣ ነው። የእሱ ዳለቻ ጥሩ ውሻ በመሆኑ ብቻ ሊቀር ነው። ይህ አንገበገበው። መኪናዋ ከመታጠፊያው ሳትደርስ ሮጦ ደረሰባትና፣ አስተምረዋለሁ አለ።

ማስተማሩ ሳምንት ያህል ፈጀ። መጀመሪያ ንጹሕ ሥጋ በጣሳው ሰጠው፤ ቀጥሎ ጣሳውን ሳር ላይ አስቀመጠለት፤ ቀጥሎ ሥጋውን ከጣሳው አጠገብ ጣለለት። ዳለቻ ሥጋውን ያይና ሸኩርን ያያል፣ ከዚያ ራቅ ብሎ ይተኛል። ሸኩር በእጁ ብላ ይለዋል። ውሻው በሚጥሚጣ የተማረውን ለመተው ተቸገረ፤ ሸኩርን እምቢ ማለት ግን አያውቅበትምና በመጨረሻ በላ። በኋላ ተሸካሚዎቹ ከአጥር ውጭ ሲወረውሩለትም በላ። ያን ጊዜ ሸኩር ደስ ሊለው ሲገባ ዘይቡን ሚጥሚጣ ወቅጠሽ አስቀምጪ አላት።

ቀረጻው ያለ ችግር አለቀ። ሌባውን ሆኖ የሠራው ሰው ሥጋውን ወረወረ፤ ዳለቻ በላ። ከካሜራው ጎን የቆመው ሸኩር መዳፉን ወደ መሬት አዞረ፤ ዳለቻ እግሩን ዘርግቶ ተኛ። እሱባለው በቃ ሲል ሸኩር መዳፉን ገልብጦ ከፍ አደረገ፤ ዳለቻ ተነስቶ አቧራውን አራገፈ። ሁሉም አጨበጨቡ። እሱባለው ሲሰናበት የሸኩርን እጅ በሁለት እጁ ይዞ አንድ ነገር ለመነው።

«ጓድ ሸኩር፣ ያስተማሩትን እንዳይረሳው አደራ። ፊልሙ ሲታጠብ ከተበላሸ ተመልሰን እንቀርጻለን።»

ሸኩር በነጋታው ሚጥሚጣውን እንደገና ሊጀምር አስቦ ነበር። ግን አደራ ተባለ። ዘበኛ ነው፤ ዕድሜውን የበላው በአደራ ነው። ዘይቡ ሚጥሚጣው ተወቅጦ ተቀምጧል እያለች ብታስታውሰውም፣ ወሬያቸው እስኪመጣ ልታገሥ እያለ ቆየ። ከአዲስ አበባ ግን ምንም ወሬ አልመጣም። እውነቱን ለመናገር አደራው ብቻም አይደለም፤ ተመልሰው መጥተው ዳለቻን ዳግመኛ ቢቀርጹት ሸኩር አይጠላም ነበር።

ክረምቱ ሊገባ ሲል የሸኩር ታላቅ ወንድም ሊሙ ገነት ላይ ሞተ። ሸኩር ለቀብር ሄዶ እዚያው ሰነበተ። የተመለሰው በጠዋቱ አውቶቡስ ነበር። ከአውቶቡስ መናኸሪያው እስከ መጋዘኑ ሲሄድ ሁለት ቦታ የሞተ ውሻ አይቶ እርምጃውን አፈጠነ። ዘይቡ በሩ ላይ ቆማለች። ዳለቻ ከእግሯ ራቅ ብሎ፣ ከበሩ ውጭ፣ እግሩን ዘርግቶ ተኝቷል።

«በማጉያ ሲናገሩ ሰማሁ» አለች። «እንዴት አድርጌ ላስገባው? እጄን እንዳንተ አዞርኩለትና ዝም ብሎ ተኛልኝ፤ ግን ከበሩ ውጭ ነበር። ሥጋውን እዚያው አጠገቡ ጣሉለት። ማል ጎና ሸኩር፣ ምን ላድርግ?»

ምንም ልታደርግ አትችልም ነበር፤ ይህን ሸኩር ያውቃል። ጥፋቱ የማን እንደሆነም ያውቃል። ጎንበስ ብሎ ውሻውን በሁለት እጁ አነሳው። ከሚገምተው በላይ ከባድ ነበር፤ ጠጉሩም ከሚመስለው በላይ ለስላሳ ነበር። አፉ ላይ የቀረው አረፋ የሸኩርን ኮትና ክንድ አራሰ። ተሸክሞት ወደ አወቱ ወንዝ ዳር ወርዶ ቀበረው። ሲመለስ ዘይቡ ውሃውን ይዛ ጠበቀችው፤ ሰባቱንም፣ የአፈሩንም ጭምር፣ ሳታጉረመርም አፈሰሰችለት። ሸኩር ታጥቦ ሲጨርስ እዚያው ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

ፊልሙ አልተበላሸም ነበር። ድጋሚ ቀረጻም አላስፈለገም። ይህን ሸኩር ያወቀው የተንቀሳቃሽ ሲኒማ መኪና መጥታ በቀበሌው አዳራሽ ነጭ ጨርቅ የተወጠረ ለታ ነው። ለስብሰባ የማይመጣው ሕዝብ ለፊልም ግልብጥ ብሎ መጣ። አባቦራም ዓይናቸው ደክሟልና ቀረብ ይበሉ ተብለው ፊት ወንበር ላይ ከሸኩር ጎን ተቀመጡ።

መጋዘኑ ሲታይ አዳራሹ ተንጫጫ፤ ዳለቻ ሲታይ ደግሞ የሸኩር ውሻ፣ የሸኩር ውሻ ተባባለ። ሰው ወደ ሸኩር እየዞረ ፈገግ አለለት። ሸኩር ያለፈው ዓመት ቢሆን ኖሮ ከኩራቱ ብዛት እንቅልፍ ያጣ ነበር። ሌባው ሥጋውን ወረወረ። ዳለቻ ሥጋውን አየ፤ ከዚያ ቀና ብሎ ወደ አዳራሹ፣ ቀጥታ ወደ ሸኩር አየ። በላ። ፊልሙ ውስጥ በመጋዘኑ ግድግዳ ላይ የአንድ መዳፍ ጥላ ለአፍታ ታየች፤ ከሸኩር በቀር ልብ ያላት የለም። ዳለቻ እግሩን ዘርግቶ ተኛ።

ሸኩር ሳያስበው እጁን ዘረጋ። መዳፉን ወደ ሰማይ ገልብጦ ቀስ እያለ ከፍ አደረገው። እሱባለው ግን ፊልሙን የቆረጠው ከዚያ በፊት ነበርና ዳለቻ ሳይነሳ ምስሉ ተቀየረ፤ ችቦ የያዘ ሕዝብ እየሮጠ መጣ፤ አዳራሹም አጨበጨበ። የሸኩር እጅ እንደተነሳ ቀረ።

አባቦራ በደከመ ዓይናቸው ያዩት የተዘረጋውን መዳፍ ብቻ ነው። ጎረቤታቸው ዱዓ የያዘ መሰላቸውና፣ ስለ ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ፣ እሳቸውም መዳፋቸውን ዘርግተው «አሚን» አሉ።