የማልቀምሰው የገና ጥብስ

ትናንት ሽፍቴን ጨርሼ ሽርጤን ስፈታ የኪችናችን አለቃ ሼፍ ዴል ከኋላዬ መጣና፣ «የዘንድሮው የገና ጥብስ ያንቺ ነው» አለኝ። «ከጨው እስከ መቁረጡ ድረስ። እኔ ግሬቪውን፣ መረቁን፣ እሠራለሁ፤ በዚያ ቀን አዛዧ አንቺ ነሽ።» ይህን ብሎ ወደ ቢሮው ሄደ። እኔ እንደ ክፍል ወደሚገባበት ትልቁ ፍሪጅ፣ ዎክ-ኢን ወደምንለው፣ ገባሁና በሩን ዘግቼ ጮህኩ። የደስታ ጩኸት ነው። ከካሮቱ በስተቀር ማንም አልሰማኝም።

ሰፈሬ ፋልከንሪጅ እስክደርስ አውቶቡስ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ ነበር። ቤት እንደገባሁ ለእማዬ ነገርኳት።

«የአሳማውን?» አለች።

«አዎ፣ የአሳማውን።»

«እንኳን ደስ አለሽ የኔ ልጅ።» ወዲያው ደግሞ፣ «ለሰው ግን አታውሪ» አለች።

ስለዚህ ልጽፈው ወሰንኩ። ስለ ደስታዬ ልጽፍ ቁጭ ብዬ የሚወጣው ግን አብዛኛው ንዴት ነው። ምን ላድርግ፣ ሁለቱም የእኔ ናቸው። በተለይ ኪችን ሥራ ልትጀምሩ ያሰባችሁ የእኔ እኩዮች አንብቡት።

ሥራ የጀመርኩት ዕቃ አጣቢ ሆኜ ነው፤ ሞንተሬይ ፓርክ ከሚባለው ሰፈር ብዙም በማይርቅ የአረጋውያን መኖሪያ ኪችን ውስጥ። የኪችን ማዕረግ እንደ ደረጃ ነው። ከታች ዲሽ፣ ዕቃ አጣቢው፣ አለ። ቀጥሎ ፕሬፕ፣ የሚላጠውን የሚልጥ፣ የሚከተፈውን የሚከትፍ። ከዚያ ኩክ፣ ከላይ ሼፍ። ኦቭን የሚነካው ከኩክ ጀምሮ ነው።

በመጀመሪያው ቀን የተቀበሉኝ እትዬ አስካለ ናቸው። የዲሹ ማሽን የእሳቸው ነው፤ ሼፍ ዴል እንኳ ሳያስፈቅድ አይነካውም። ከእማዬ ጋር አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚሄዱት፤ ስለዚህ ገና ሽርጥ ሳላስር የሦስት ዓመት ልጅ ሆኜ እዚያ ያለቀስኩበትን ቀን አስታወሱኝ። ከዚያ ጓንት ሰጡኝ።

«ስሚ። ቀዩ መክተፊያ ለጥሬ ሥጋ፣ አረንጓዴው ለአትክልት። ከቀላቀልሽ ይሄ ሰውዬ ይጮሃል። የአሳማው ትሪ ሲመጣ ደግሞ እኔን እንዳትጠሪኝ።»

እውነታቸውን ነበር። የአሳማ ሥጋ የተጫነበትን ጋሪ መግፋት ግዴታ ሲሆንባቸው በክርናቸው ነው የሚገፉት። ጓንት አድርገው፣ በክርናቸው!

ከዲሽ ወደ ፕሬፕ አለፍኩ። ድንች ላጥኩ፣ ድንች ላጥኩ፣ አሁንም ድንች ላጥኩ። ከዚያ ጥብስ የሚሠራው ኩክ ኤርድሪ በምትባል ጎረቤት ከተማ ቤት ገዛና እዚያው አካባቢ ሥራ አገኘ። ሼፍ ዴል እጅ ሲያጥረው እኔን ጠራኝ። ማስተማር ያውቃል፤ ያንን አልክድም።

ሥጋው የወገብ ነው፤ ከነጎድኑ፣ ከነቆዳው ይመጣል። ቆዳው በስለታም ቢላ ቀጭን ቀጭን ሆኖ ይተለተላል፤ ቢላው ስቡ ጋ ይቆማል፣ ሥጋው ድረስ አይዘልቅም። ጨው ይታሽበታል። ከዚያ ሳይሸፈን ዎክ-ኢን ውስጥ ያድራል። ዋናው ነገር ማድረቁ ነው። ቆዳው እንደ ካርቶን ደርቆ ኦቭን ከገባ ያብጣል፣ ይነፋል፣ ሲነከስ ይጮሃል። ክራክሊንግ የሚሉት እሱን ነው። እርጥብ ሆኖ ከገባ ግን ላስቲክ ይሆናል፤ ላስቲክ ደግሞ ማንም ለገና አይበላም። ቴርሞሜትሩ የሚሰካው ወፍራሙ ሥጋ መሃል ነው። አጥንት ከነካ ይዋሻል።

እኔ ይህን ሥጋ የማውቀው በጆሮዬ፣ በአፍንጫዬና በቴርሞሜትር ነው። በምላሴ አላውቀውም። ኦቭኑን ከፍቼ ሳዳምጥ ስቡ የሚንጠባጠብበት ድምፅ ሲቀያየር እለየዋለሁ። ለዚህም እኮራለሁ።

አሁን ወደ ንዴቱ።

አንድ ቀን ምሳ ሊወጣ ሲል፣ ሁሉም ቆሞ እያየ፣ ሼፍ ዴል አንድ ቁራጭ ሥጋ በማንኪያ ይዞ መጣ።

«ቅመሺ።»

«አልበላም ሼፍ።»

«ብዪ አላልኩም። ቅመሺ ነው ያልኩት።»

«እኛ አሳማ አንበላም። ደግሞ ጾም ላይ ነኝ።»

«ሳይቀምስ የሚያበስል ሰው ኩክ አይደለም። ማሽን ነው።» ይህን ብሎ ማንኪያውን ወደ አፌ አስጠጋው።

ወደ ኋላ ሸሸሁ፤ ጀርባዬ ከትሪ መደርደሪያው ጋር ተጋጨና ትሪዎቹ ተንጫጩ። ሰው ሳቀ። ፊቴ ነደደ። ሰውዬው ራሱ ሽሪምፕ የሚሉትን የባሕር ምግብ አይቀምስም፣ አለርጂ አለበት! የሽሪምፑን ሶስ ሲሠራ ማሽን ነህ ብሎት የሚያውቅ ሰው አለ? የለም። የእሱ ምላስ ምክንያት አለው፣ የእኔ ምላስ ግን ጥፋት ነው። ያኔ ይህን አላልኩትም። አሁን እየጻፍኩት ነው።

እትዬ አስካለ ከማሽናቸው አጠገብ ሆነው አይተዋል። እንግሊዝኛው ባይገባቸውም ማንኪያው ገብቷቸዋል።

«ምን አለሽ?»

«ካልቀመስሽ ኩክ አይደለሽም አለኝ።»

«ምላሱን ይቁረጠውና!» አሉ። ሳህኑን ማሽኑ ውስጥ ወረወሩት ማለት ይቻላል። «እኔ እያለሁማ ማንም አያዋርድሽም።»

ምን ሊያደርጉ እንዳሰቡ አልጠየቅኳቸውም። መጠየቅ ነበረብኝ።

የፈረንጅ ገና ሁልጊዜ የሚውለው የእኛ ጾም መሃል ነው። ባለፈው ዓመት ዋዜማው ላይ ሼፍ ዴል ለገና የመጡትን አራት ሥጋዎች ሰጠኝና፣ «ቆዳውን አዘጋጂ። ነገ እራት ላይ ክራክሊንጉ ካማረ ኦቭኑ ያንቺ ነው፣ ኩክ ትባያለሽ። ካላማረ ወደ ድንችሽ» አለኝ። እያንዳንዱን መስመር በቢላ ሳወጣ ትንፋሼን ይዤ ነበር። ጨውን አሸሁ፣ ደርድሬ አሳደርኩት።

በነጋታው ጠዋት ስገባ የሎሚ ሽታ ተቀበለኝ። ደስ የሚል ሽታ ነው። ከየት እንደመጣ እስካይ ድረስ ደስ አለኝ።

ሥጋዎቼ የሳህን ማጠቢያው ገንዳ ውስጥ ነበሩ። አራቱም። እትዬ አስካለ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ቆዳውን በሎሚና በጨው ይፈትጉታል፤ ልክ ዶሮ እንደሚታጠበው፣ ውሃው እስኪጠራ፣ ደግሞ በአዲስ ውሃ።

«እትዬ! ምን እያደረጉ ነው?»

«አጠብኩልሽ!» አሉ፤ ፊታቸው በርቷል። «ጨው ነስንሰሽበት እንዲሁ ትተሽው ሄድሽ እኮ! ሳይታጠብ! ጠረኑስ? እንዲህ ያለ ነገር ለሽማግሌ ይሰጣል? አሁን ያዋርድሽና አያለሁ።»

ለታላቅ ሰው በአክብሮት እየተናገራችሁ ተናዳችሁ ታውቃላችሁ? «ለምን እንዲህ ያደርጋሉ! ማን አዘዘዎት!» ብዬ ጮህኩ። በጩኸቴ መሃል እንኳ ትሁት ነኝ። ያ ራሱ የባሰ አናደደኝ። አንድ ሌሊት ሙሉ የደረቀ ቆዳ እንደ ስፖንጅ ረጥቧል።

ሼፍ ዴል የገባው ያኔ ነው። ገንዳውን አየ፤ ሎሚውን አየ።

«ጥሬ ሥጋ? የሳህን ገንዳ ውስጥ?» ይህ ንዴቱ ልክ ነበር፤ ጥሬ ሥጋ ሳህን የሚታጠብበት ቦታ አይገባም። ግን እዚያ ላይ አላቆመም። «ሆን ብላችሁ ነው። እናንተ ሰዎች ይሄን ሥጋ ስለምትጠሉት ነው ያበላሻችሁት።»

እናንተ ሰዎች። ጆሮዬ ውስጥ ጭው አለ።

«ምን አለ?» አሉ እትዬ አስካለ።

«ሆን ብላችሁ ነው ያበላሻችሁት አለ።»

እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉና በእኔና በእሱ መሃል ገቡ። ደረታቸውን እየመቱ፣ «ሚ ዎሽ!» አሉት። «ሺ ኖ! ሚ! ክሊን! ጉድ ክሊን!»

ሼፍ ዴል እኔን አየኝ። እንዲህ አልኩት። «እኛ ጋ ዶሮ ሳይታጠብ ድስት አይገባም። የምታከብረው ሰው ሊበላው ከሆነ ደጋግመህ ታጥበዋለህ። እሳቸው የዚህን ሥጋ ጋሪ በክርናቸው ነው የሚገፉት፣ አይተሃቸዋል። ዛሬ በእጃቸው ያጠቡት ጠልተውት ይመስልሃል?»

ገንዳውን መልሶ አየና፣ «ያም ሆነ ይህ ቆዳው ሞቷል» አለ።

«አልሞተም። አደርቀዋለሁ።»

«እስከ እራት?»

«እስከ እራት።»

«ካልጮኸ ኦቭኑን እርሺው።»

እትዬ አስካለ ገንዳውን በጀርም ማጥፊያ መድኃኒት አጥበው አጸዱ። እኔ ሥጋዎቹን በወረቀት ፎጣ ተጫንኳቸው፤ ፎጣው ሲርስ ጣልኩት፣ ሌላ አመጣሁ። ከዚያ ሽቦ ላይ ደርድሬ ዎክ-ኢን ውስጥ ቀዝቃዛው አየር በሚነፍስበት በማራገቢያው ፊት ለፊት አቆምኳቸው። እትዬ አስካለ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ።

«ተበላሸ እንዴ?»

አይዞዎት፣ ምንም አይደለም ማለት ነበረብኝ፤ ያደግሁት እንደዚያ ነው። «አዎ፣ ተበላሸ» አልኩ።

ፎጣ አነሱና በመዳፋቸው ቆዳውን ይጫኑ ጀመር። ጎን ለጎን ሆነን ሠራን። ብርዱ ጣቴን አደነዘዘው፤ ንዴቴን ግን አላበረደውም። ሲረጥብ መጠረግ፣ እንደገና ማስነፈስ፤ በየመሃሉ ወጥቼ ድንቼን እልጣለሁ። ከሰዓት በኋላ ቆዳውን በጥፍሬ ስነካው ካርቶን መምሰል ጀምሯል። ጨው ደገምኩበት።

ኦቭኑን ከወትሮው አብልጬ አጋልኩትና አስገባሁ። መጀመሪያ ዝም አለ። በጣም ዝም አለ። ሼፍ ዴል ከኋላዬ እጁን አጣምሮ ቆሟል። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ጧ አለ። ቀጥሎ ሌላ ቦታ። ከዚያ ሁሉም እንደ ፈንዲሻ ተንጣጣ። እሳቱን ቀነስኩ፣ ቴርሞሜትሩን ከአጥንቱ አርቄ ሰካሁ፣ ሲደርስ አውጥቼ አሳረፍኩት። ሦስቱ አማሩ። የአራተኛው አንድ ጎን ላስቲክ ሆኖ ቀረ፤ ሼፍ ዴል ያንን ቆርጦ ጣለው።

ከዚያ ቁራጭ ይዞ ወደ እኔ ዞረ። ልማድ ነው መሰለኝ።

«የሚበላው ሰው ይቅመሰው» አልኩና ሳህኑን ከእጁ ተቀብዬ ወጣሁ።

ከነዋሪዎቹ አንዱ፣ ሚስተር ሃዋርድ፣ ሁልጊዜ ከኪችኑ በር አጠገብ ነው የሚቀመጡት፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ አውቶቡስ የነዱ ሰው ናቸው። ክራክሊንጉን ነከሱት። ድምፁ ሁለት ጠረጴዛ አልፎ ተሰማ፤ ሰው ዞሮ አየ። ሚስተር ሃዋርድ አገጫቸውን ያዙ።

«ጥርሴ አይችለውም» አሉ። «ግን ሌላ ስጪኝ። ልስማው።»

ሼፍ ዴል በሩ ላይ ቆሞ ሳቀ። ኦቭኑም የእኔ ሆነ፣ ኩክ ተባልኩ። «እናንተ ሰዎች» ስላለው ይቅርታ አልጠየቀም፤ ያን ዕለትም፣ ከዚያ ወዲህም። ትናንት ጥብሱን ሲሰጠኝም ይቅርታ አላለም። ደስታዬን ወሰድኩ፤ ንዴቴንም አልመለስኩለትም። ማንኪያ ግን ዳግመኛ ይዞልኝ አልመጣም። አሁን ሲያስቀምስ ወደ ሚስተር ሃዋርድ ነው የሚሄደው።

ለእትዬ አስካለ ይህን ልጽፍ እንደሆነ ስነግራቸው፣ «እኔ አሳማ ነካሁ ብለሽ?» አሉና አሰቡ። «እሺ ጻፊ። በሎሚ እንዳጠብኩትም ጻፊ።» ጋሪውን ዛሬም በክርናቸው ነው የሚገፉት።

ከሥራዬ የተማርኩት ይህ ነው፤ ቆዳው መድረቅ አለበት፣ አጥንት የነካ ቴርሞሜትር አይታመንም፣ የማይበሉትን ምግብ አሳምሮ መሥራት ይቻላል።

በፈረንጅ ገና ዕለት የመኖሪያው ምግብ አዳራሽ ለጎረቤት ክፍት ነው፤ ሼፍ ዴል የፈለግሽውን ጥሪ ብሎኛል። እናንተን ጠርቻለሁ። ለጾመኞች የምስር ሾርባ እሠራለሁ፤ እሱን ራሴ እቀምሰዋለሁ። ጥብሱን ባትበሉም ኑ። ከሚስተር ሃዋርድ አጠገብ ተቀመጡና ለአፍታ ዝም በሉ። ሲነክሱት ስሙልኝ።