ከሦስተኛው ቤዝ የወረድኩበት ቀን

ፎርድስበርግ ሰፈር በሄድኩ ቁጥር አባቴ ብርድ ልብስ ይሸጥበት ከነበረው ሱቅ አጠገብ ቆም እላለሁ። ከሱቁ ጎን ተለጥፋ የነበረችው ጠባብ የጫማ መስፊያ አሁን የስልክ ሽፋን መሸጫ ሆናለች። ሻጩ ምንም አላደረገኝም፤ ግን ባየሁት ቁጥር ያናድደኛል። በጨዋ ደንብ «እህቴ፣ ምን ልስጥሽ?» ሲለኝ እንኳ ፊቴን አጥቁሬ አልፋለሁ። ቦታው የሌላ ሰው ነዋ! ጫማ ሰፊው ካረፉ ዓመታት ቢቆጠሩም እኔ ቦታቸውን ገና ለሌላ አልለቀቅኩም።

ጫማ ሰፊውን «አንክል» ነበር የምላቸው፤ እዚያ ሰፈር ትልቅ ሰው ሁሉ አንክል ነው። እሳቸው ደግሞ በአፍሪካንስ «መይ ኪንት» ይሉኛል፤ ልጄ ማለታቸው ነው። እዚያ ከለርድ ከሚባሉት የክልስ ቤተሰቦች የተወለዱ፣ ቀጭንና ረጅም፣ ስልሳውን ያለፉ ሰው ነበሩ። ማስቲሽ ማስቲሽ በሚሸተው ግድግዳቸው ላይ ከመጽሔት የተቆረጠ ፎቶ ለጥፈዋል፤ አንድ ጥቁር የቤዝቦል ተጫዋች አቧራ እያስነሳ ይንሸራተታል። እኔ ያኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነኝ። ከትምህርት ቤት መልስ አባቴ ሱቁን ዘግቶ ቤሪያ ሰፈር ወዳለችው ክፍላችን እስክንሄድ ድረስ ብርድ ልብስ ክምር ላይ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። ወደ አንክል የወሰደኝ መሰልቸት ነው እንጂ ኳስ አይደለም።

«ጥቁሮች አሜሪካ ውስጥ ከነጮች ጋር በደመወዝ መጫወት ሲጀምሩ እኔ ዳዴ የምል ልጅ ነበርኩ» አሉኝ አንድ ቀን ፎቶውን እያሳዩኝ። «እዚያ በሩን ሲከፍቱት፣ እዚህ ዘጉት።»

በወጣትነታቸው ኳስ ወርዋሪ ነበሩ። ያኔ የነጮቹ ክለቦች እነሱን ስለማይቀበሏቸው፣ ለብቻቸው ሣር በሌለው ሜዳ ይጫወቱ ነበር። አንድ ጊዜ ለአሜሪካ ቡድኖች ተጫዋች የሚመለምል ሰው መጣ ተባለ፤ ፈተናውም በከተማዋ ደቡብ ባለ የነጮች ክለብ ሜዳ ሆነ። አንክል ጓንታቸውን ይዘው ሄዱ። በር ላይ የቆመው ሰው ከላይ እስከ ታች አያቸውና «ሣር የሚታጨደው ነገ ነው» ብሎ መለሳቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ሜዳ ደጃፍ እንኳ አላለፉም። ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ከፍ አላለም፤ የጦፍኩት እኔ ነኝ።

ከሱቁ ጀርባ ባለችው መተላለፊያ መወርወርና መቅለብ አስተማሩኝ። አባቴ መጀመሪያ ሲያየን «ሴት ልጅ በዱላ ኳስ ስትመታ! ይሄማ የገና ጨዋታ ነው» ብሎ ሳቀ። ሻሼን ከቆቡ ስር እስካሰርኩ ድረስ ግን አልከለከለኝም። የማይደራደርበት ነገር አንድ ብቻ ነበር፦ አንክል ወደ ሱቃችን ሲመጡ «ኖር!» ብዬ ብድግ ማለትና እስከ በሩ ሄጄ መቀበል አለብኝ። በእሱ አገር ታላቅ ሰው ሲገባ ካሉበት ሆኖ እጅ ማውለብለብ ከስድብ ይቆጠራል። አንክል በመጀመሪያ «ኧረ ንጉሥ አይደለሁም!» እያሉ ያፍሩ ነበር፤ ኋላ ግን ሳይወዱት አልቀሩም፤ ምክንያት እየፈለጉ ብቅ ማለት ጀመሩ።

አሥራ አራት ዓመት ሲሞላኝ አንክልን ከበር የመለሰውን ያንኑ ክለብ ተቀላቀልኩ። ዘመኑ ተለውጦ፣ ከየሰፈሩ የተውጣጣን የየቀለሙ ልጆች ነበርን። «ጥሩ አሰልጣኝ ያለው እዚያ ነው፤ ሂጂ» ያሉኝም ራሳቸው ናቸው። እሳቸው ግን አይመጡም። «ካባረሩኝ ቦታ አልሄድም» ብለው ድርቅ አሉ። ሁለት ዓመት ለመንኳቸው። የዋንጫው ጨዋታ ሲቃረብ ጨነቀኝ። የጨነቀኝ ዋንጫው አልነበረም፤ ያስተማሩኝን ሁሉ በዚያ ሜዳ ላይ አንድ ቀን እንኳ ሳያዩት እንዳይሞቱ ነበር።

አባቴ ታዲያ የሚያውቀውን አደረገ፤ ሽማግሌ ሆኖ ሄደ። ሁለት የአገሩን ነጋዴዎች አስከትሎ፣ ሦስቱም ኮት ለብሰው፣ ጫማ መስፊያዋ በር ላይ ተሰለፉ። አንክል ደነገጡ።

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም፤ እርቅ ፈልገን ነው» አለ አባቴ በተሰባበረ እንግሊዝኛው።

«ከማን ጋር?»

«ከሜዳው ጋር።»

ወንበር ቢቀርብላቸው አንቀመጥም አሉ፤ ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም። ደንበኛ መጣ፣ ደንበኛ ሄደ፣ እነሱ ቆመዋል። እኔ ከብርድ ልብሶቹ ኋላ ሆኜ ሳቄን እንቃለሁ። በመጨረሻ አንደኛው ሽማግሌ ጉልበታቸውን ማሸት ሲጀምሩ አንክል አላስቻላቸውም። «በፈጣሪ፣ ሰውየው ይቀመጡ! እመጣለሁ!» አሉ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሆነ። አንክል እስከ መጨረሻው ዙር አልመጡም። በአንድ ነጥብ እየተመራን ነው፤ ሁለት ልጆቻችን ወጥተዋል፤ ሦስተኛ ሰው ከወጣብን አበቃ። እኔ ሦስተኛው ቤዝ ላይ፣ ሯጭ በማይነካበት የመጨረሻው ማረፊያ፣ ቆሜያለሁ፤ ወደ መነሻው ሮጬ ከገባሁ እኩል እንሆናለን። ኳሱ በወርዋሪያቸው እጅ ነው፤ ከቤዙ ወርጄ በኳሱ ከነኩኝ እወጣለሁ። በዚህ መሀል ከቤዙ በስተጀርባ ባለው በር አባቴ ገባ፤ ከኋላው አንክል። ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ለቅሶ ቤት እንደሚገባ ሰው ቀስ እያሉ።

ማሰብ የሚባል ነገር የለም። «ኖር!» ብዬ ከቤዙ ወርጄ፣ ጎንበስ እያልኩ ሁለት እጄን ዘርግቼ ወደ እሳቸው ሄድኩ። ዳኛው ጨዋታውን እንዲያቆምልኝ መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልጠየቅሁም። አራት አምስት እርምጃ ብራመድ ነው፤ ኳስ የያዘ ጓንት ጀርባዬን ነካኝ። «አውት!» ብሎ ጮኸ ዳኛው። ዋንጫው በዚያው ሄደ።

ጓደኞቼ ጓንታቸውን መሬት ላይ ፈጠፈጡት። አንዱ «ሲሪየስሊ? ሰላም ልትያቸው ነው የወረድሽው?» አለኝ። አባቴ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እያለ በአማርኛ ያረጋጋቸዋል፤ የሚሰማው ግን አልነበረም።

አንክል ሜዳው ውስጥ ገቡ። ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ግን ተቆጡ።

«እዚያ ላይ ለመቆም ዕድሜ ልኬን ጠብቄያለሁ» አሉ ቤዙን በባርኔጣቸው እያመለከቱ። «እኛ የተከለከልነውን ቦታ አንቺ ለሰላምታ ብለሽ ትለቂዋለሽ?»

አለቀስኩ። እውነቱን ለመናገር ተናድጄም ነበር፤ «ታዲያ ማን አርፍዱ አለዎት?» ልላቸው ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ያልኳቸው ግን ሌላ ነው።

«አንክል፣ እርስዎ በዚህ በር ሲገቡ ማን ይቀበልዎት ታዲያ?»

አንክል ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ፊታቸው ላይ አድርገው፣ ሜዳው ባዶ እስኪሆን ድረስ እዚያው ቆመው ቀሩ። እኔ ክንዳቸውን ይዤ አጠገባቸው ቆምኩ። ዋንጫው እስከዛሬ ይቆጨኛል፤ እንደገና ቢገቡ ግን እንደገና እወርዳለሁ።