የአበቦቹን አዳር የሚጠይቁት ጋሼ ታደለ

ጋሼ ታደለ ባለፈው ሳምንት ሚድ ሲቲ ሰፈር ባለው አፓርትማቸው፣ ብቻቸውን፣ በተኙበት አርፈዋል። መርዶው ለብዙዎቻችሁ ደርሷል። ይህን የምጽፈው አብሬያቸው እሠራ ስለነበር ነው።

በለቅሶው ላይ ሥራቸውን ማንም አላነሣም። ከኋላዬ የተቀመጡ አንዲት እናት ግን «ጥሩ ሰው ነበሩ፤ ኩራታቸው ነው እንጂ። ቤተ ክርስቲያን እንኳ ከደጅ ነበር የሚቆሙት» ሲሉ ሰማሁ። መልሱን አውቀው ነበር፤ ሰው ፊት መናገር ግን አይሆንልኝም።

ጋሼ ታደለ ፈቃድ ባለው ድርጅት ውስጥ ካናቢስ ያሳድጉ ነበር። እኔ ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ የተመደብኩት ከእሳቸው ጋር ነው። በሕንፃው ውስጥ አማርኛ የምንናገረው ሁለታችን ብቻ ነበርን።

አበባው ሊቆረጥ ሲቃረብ ጥንቃቄያቸው ይበረታ ነበር። ሙቀቱ ቀን ከሰባ አምስት ፋራናይት እንዳያልፍ፣ ሌሊት ጥቂት ቀዝቀዝ እንዲል፣ እርጥበቱም ወደ አርባ በመቶ እንዲወርድ ያደርጋሉ። ያን ጊዜ አበባው ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ መብራት ጠፍቶ እርጥበቱ ከፍ ካለ ሻጋታው ከውስጥ ይጀምራል፣ ከውጭ ምንም ሳይታይ። ስለዚህ ጠዋት እንደገቡ በአበቦቹ ቁመት ልክ ወደ ሰቀሉት የሙቀትና የእርጥበት መለኪያ ይሄዱና «እንዴት አደራችሁ?» ይላሉ።

አንድ ቀን፣ እኔንስ ማን ይጠይቀኛል አልኳቸው።

«አንቺማ ሲያምሽ ትናገሪያለሽ። እነዚህ ዝም ብለው ነው የሚበሰብሱት። ሶ፣ መጀመሪያ እነሱን ቼክ እናድርግ፣ ከዚያ ሰላም እንባባላለን።»

የአበባው ሽታ ከፀጉርና ከቆዳ ቶሎ አይለቅም። ልብሳቸውን መኪና ውስጥ ይቀይራሉ፤ አይበቃም። የሐበሻ ምግብ ቤቶች ባሉበት ፌርፋክስ መንገድ ላይ ምሳ ሲያምራቸው በስልክ ያዝዙና ፓርክ አድርገው መኪናቸው ውስጥ ይበላሉ። አርብ አርብ ለእኔም ሽሮ ያመጡልኝ ነበር። መኪኖቻችንን ጎን ለጎን አቁመን፣ መስኮቱን ከፍተን እንበላለን። ቤተ ክርስቲያን ለምን እንደማይገቡ የጠየቅኳቸው እንዲህ ተቀምጠን ሳለ ነው።

«በእኔ ሽታ የማንም ጸሎት እንዲበተን አልፈልግም» አሉኝ። ቀጥለውም ሳቅ ብለው፣ «ደጅም ቢሆን ቅዳሴው ይሰማል፤ ኦኬ ነው» አሉ።

በለቅሶው ላይ ከኋላዬ የተቀመጡት እትዬ፣ ኩራት አልነበረም።

ያረፉ ዕለት ጠዋት ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ቆሜ ጠበቅኳቸው። መለኪያው ደህና ነበር። ስልካቸው ግን ሳይነሣ ቀረ።

ጋሼ፣ አበቦቹ ያለ ሻጋታ ተቆረጡ። አሁን ሌሎች ተተክተዋል፤ ጠዋት ጠዋት እኔ እጠይቃቸዋለሁ፣ በአማርኛ የሚመልስልኝ ግን የለም። እርስዎ ያንን ሁሉ ዓመት የአበቦቹን አዳር ሲጠይቁ፣ የእርስዎን አዳር የሚጠይቅ ሰው በቤትዎ አልነበረም። እኔም የምጠይቅዎ ከእነሱ በኋላ ነበር፤ ተራው እንደዚያ ነውና። ዛሬ ግን ወደ መለኪያው ሳልሄድ፣ በሩ ላይ ቆሜ፣ መጀመሪያ እርስዎን ጠየቅኩ።

እንዴት አደሩ፣ ጋሼ?