የአንድ አርማ ሁለት መኪኖች

የባለቤቴ ሁለት ወንድሞች የኤሌክትሪክ መኪና የገዙት በአንድ ወር ውስጥ ነው። ታላቅየው የሽንኩርት ነጋዴ ናቸው፤ እኔም እንደ ባለቤቴ ጋሼ ነው የምላቸው። ታናሽየው እዚሁ ሸዋ ሮቢት ዋናው መንገድ ዳር መድኃኒት ቤት አለው። ሁለቱ በእናታቸው ግቢ አጥር ምክንያት ከተኳረፉ ቆይተዋል። በዓል ሲሆን አንድ ትሪ ይቀርባሉ፤ የሚነጋገሩት ግን በእኔ በኩል ነው። «ሚጥሚጣውን ወደዚህ አድርገው በልልኝ» ይሉኛል ጋሼ፣ ወንድማቸው ክርናቸው ሥር ተቀምጦ።

መኪኖቹ ያላቸው አርማ አንድ ነው። ባለአርማው የውጭ ኩባንያ ቻይና ውስጥ ከሁለት ፋብሪካዎች ጋር ለየብቻ በሽርክና ይሠራል። የጋሼ መኪና ከአንደኛው ሽርክና የወጣች ናት፤ የታናሽየው ከሌላኛው። ይህን ያወቅኩት ሁለቱም በየተራ ጠርተው ስለነገሩኝ ነው። ለሁለቱም ደግሞ ሻጮቻቸው «ዋናዋ ይቺ ናት፣ ያችኛዋ ቅጂ ናት» ብለዋቸዋል።

እኔ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። መኪና የለኝም፤ ባጃጅ ነው የምሳፈረው። ስለዚህ ገለልተኛ ነህ ተባልኩና ዳኛ ሆንኩ።

መጀመሪያ በሜትር ለካኋቸው። የጋሼዋ በሦስት ጣት ያህል ትረዝማለች። የታናሽየው የኋላ መብራቷ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ አንድ ቀይ መስመር ነው፤ የጋሼዋ ግን ግራና ቀኝ ለየብቻ ነው። ከዚያ ውጪ ሁለቱም ስክሪናቸው በቻይንኛ ነው፤ ከሁለቱም ውስጥ አንዲት ሴት በቻይንኛ ትናገራለች። ሴትየዋ በተናገረች ቁጥር አማቴ «እሺ የኔ ልጅ» ይሏታል።

ጋሼ በሜትሩ አልረኩም። «መምህር፣ ዳገት ላይ እንያቸው» አሉኝ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱም መቶ በመቶ ቻርጅ ተደርገው እስከ ደብረ ሲና እንዲወጡ ተወሰነ። ጭነቱ እኩል ይሁን ተባለና ሁላችንም ተራ በተራ የሽንኩርቱ ሚዛን ላይ ወጣን። እኔ ከጋሼ ጋር፣ አማቴ ከታናሹ ጋር ሆኑ። ጋሼና እኔ ስለምንከብድ በዚያኛው መኪና የኋላ ወንበር ላይ ግማሽ ጆንያ ሽንኩርት ተጨመረ። አማቴ ጆንያውን ዞር ብለው አይተው «እኔን ለማሟላት ነው?» ብለው ጠየቁ።

ጋሼ ባትሪ እንዳይጨርስ ብለው ኤሲውን አጠፉት። መስኮት ልከፍት ስል ደግሞ «ንፋስ ይይዘናል። ፊዚክስ አይደለም እንዴ?» አሉኝ። ፊዚክስ ነው። የቆላው ሙቀት ዝግ መኪና ውስጥ ምን እንደሚመስል እዚህ የኖረ ያውቀዋል፤ ዳገቱ ተጀምሮ አየሩ ቀዝቀዝ እስኪል ድረስ ሸሚዜን ሁለት ጊዜ ጨመቅኩት። ከፊታችን ባለው መኪና ውስጥ አማቴ ነጠላቸውን ተከናንበው ይታዩኛል። በኤሲው በርዷቸው ነው።

ደብረ ሲና ስንደርስ ስክሪኖቹን አነበብኩ። የጋሼዋ ሰባ ዘጠኝ በመቶ፣ የታናሹ ሰማንያ አንድ። ታናሹ በደስታ ትከሻዬን ያዘኝና «ጻፈው፣ መምህር» አለኝ። ጋሼ ፊታቸውን ወደ ገደሉ አዙረው «ቁልቁለቱ ይቀራል በለው» አሉ። አማቴ ቆሎ ገዝተው ለሁለት ልጆቻቸው እኩል አካፈሏቸው። ለእኔ እንደ ዳኛ ትንሽ አተረፉልኝ።

ቁልቁለት ሲሆን እነዚህ መኪኖች ፍሬን በተያዘ ቁጥር ባትሪያቸውን መልሰው ይሞላሉ። ጋሼ ይህን ያውቁ ነበር፤ እስከ ሸዋ ሮቢት ድረስ ከፍሬኑ ላይ እግራቸውን አላነሱም። ከኋላችን የጭነት መኪኖች ጡሩንባ ሲያሰሙ «ይጠብቁ» ይላሉ። ስንደርስ የእሳቸው ሰማንያ ሦስት፣ የወንድማቸው ሰማንያ ሁለት ሆነ።

ጋሼ ወርደው ወደ ታናሽ ወንድማቸው ሄዱ። እኔን አልላኩኝም።

«ሰማንያ ሦስት» አሉት።

«ኤሲ ከፍቼ እኮ ነው» አለ ታናሹ።

«ማን ክፈት አለህ?»

አማቴ ከመኪናው አልወረዱም ነበር። ልጆቻቸው ሲነጋገሩ ሰምተው በሩን በቀስታ መልሰው ዘጉት፤ ጨዋታው እንዳይቋረጥ ብለው ይመስለኛል።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ የጠፋው መብራት በኃይል ሲመጣ የታናሹ የቻርጅ ገመድ ተቃጠለ። አዲስ እስኪመጣለት እንዲያውሱት ወደ ጋሼ ላከኝ።

«ቅጂዋ በዋናዋ ገመድ ትሠራለች?» አሉኝ ጋሼ።

«ትሞከር» አልኳቸው።

ልክ ገባላት። ጋሼ ገመዱን ከግቢያቸው አላስወጣም ስላሉ ታናሹ በየሦስት ቀኑ መኪናውን እዚያ አቁሞ ባትሪው እስኪሞላ ይጠብቃል። ሁለቱ ማንጎው ሥር ወንበር አውጥተው የማንኛዋ ጎማ እንደሚሻል፣ የማንኛዋ በር ሲዘጋ ጥሩ ድምፅ እንዳለው ይከራከራሉ። ስለ አጥሩ አንድም ቃል አያነሱም።

በመጨረሻ ፍርዱን በጽሑፍ አምጣ አሉኝ። ሁለት ቀን ሠራሁበት። በስልኬ ካሜራ እያስተረጎምኩ የሞተራቸውንና የባትሪያቸውን መግለጫ አነበብኩ፤ ጉልበታቸው አንድ፣ ባትሪያቸው አንድ። «መኪኖቹ አንድ ናቸው፤ ልዩነታቸው መብራትና ሦስት ጣት ነው» ብዬ ፈረምኩበት። እውነቱን ለመናገር ያስታረቅኳቸው መስሎኝ ኩራት ተሰምቶኝ ነበር።

ጋሼ አንብበው ለወንድማቸው አቀበሉት።

«ይሄ ሰውዬ መኪና ኖሮት አያውቅም» አሉት።

«ከየት ያውቃል?» አለ ታናሹ፣ ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ እየከተተ።

ለሁለት ወር ያህል ሁለቱም አኮረፉኝ። በዚያው ሰሞን ማጀቴ ከተማ ለቅሶ ነበረብን። ወንድማማቾቹ እናታቸውን ይዘው በአንድ መኪና ሄዱ፤ ባለቤቴንም አሳፈሯት። አንድ ወንበር ተርፎ ነበር። እኔ በሚኒባስ ተከተልኳቸው፤ ለቅሶው ድንኳን ስደርስ ከአማቴ በቀር ቦታ የያዘልኝ አልነበረም።