ከአንዱ ጀርባ

የእህቴ ልጅ በስልክ የሚጫወቱት የካርታ ጨዋታ ትሠራለች። ባለፈው ጊዮርጊስ አጠገብ ማኪያቶ እየጠጣን የአንድ ውድድር ቀጥታ ስርጭት አሳየችኝ። የሁለቱም ተጫዋቾች ካርታ ለተመልካቹ ወለል ብሎ ይታያል።

«ጋሼ፣ ለተመልካች ምን ብንጨምር ይሻላል?» አለችኝ።

«ቀንሱለት» አልኳት፤ ነገሩ አናዶኝ ነበር። ፒያሳ፣ አሁን በፈረሰው ግቢያችን፣ አባቴ ከጎረቤታችን ጋር ካርታ ሲጫወት ተመልካች ከአንዱ ጀርባ ይቆም ነበር። አንዴ ከቆመ በኋላ ወደ ሌላኛው መዞር ነውር ነው፤ ሰላይ ያስብላል። እኔ ሁልጊዜ ከአባቴ ጀርባ ነኝ። መጥፎ ካርታ ሲደርሰው ፊቴ እንዳያሳብቅበት ከንፈሬን እነክሳለሁ።

«ታዲያ የሌላውን ካርታ ካላዩ ምን ነበር የሚያዩት?» አለችኝ።

«አባቴን» አልኳት።