ገብረመድህን የመረጣት ብስክሌት

ዓለምፀሐይ ቅዳሜ ጠዋት ናይሮቢ ዌስትላንድስ ሰፈር ያለውን ምግብ ቤቷን ለሠራተኞቿ ትታ ከባሏ ከገብረመድህን ጋር ኢስሊ ወደሚባለው ገበያ መውረድ የጀመረችው፣ ሐኪሙ እሱን ከእንግዲህ አውሮፕላን እንዳታበርር ካለው በኋላ ነው። ሐኪሙ የበሽታውን ስም በእንግሊዝኛ ጠራው፤ ቀጥሎ ደግሞ ቀለል አድርጎ አስረዳቸው። የመርሳት በሽታ ነው፤ እየባሰ እንጂ እየተሻለ አይሄድም። ገብረመድህን በትሕትና አመስግኖ ወጣ። ካሳራኒ ወዳለው ቤታቸው በሚመልሳቸው ማታቱ፣ በሚኒባሱ ውስጥ ግን ወደ ሚስቱ ጆሮ ጠጋ ብሎ፣ «ምን አለ ሰውየው?» ብሎ ጠየቃት።

«ደኅና ነህ አለ» አለችው። ከዚያ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ገብረመድህን ዕድሜውን ከአውሮፕላን ሥር ተንጋልሎ የጨረሰ ሰው ነው። አገር ቤት የአየር ኃይል መካኒክ ነበር። መንግሥት ሲለወጥ በሞያሌ በኩል ወደ ኬንያ ተሻገረ፤ ናይሮቢ እንደገባ ዊልሰን በሚባለው የትንንሽ አውሮፕላኖች ማረፊያ ሥራ አገኘ። እዚያው የተዋወቀው ኪፕሮኖ የሚባል ኬንያዊ አብራሪ ነበር፤ ሁለቱ ተጋግዘው ባለቤቷ የተዋትን አንዲት ባለ አራት መቀመጫ አሮጌ አውሮፕላን ከአጥንቷ ጀምረው አደሷት። ገብረመድህን ማብረሩንም የተማረው ጠጉሩ ከሸበተ በኋላ ነው። ከዓለምፀሐይ ጋር ልጅ ስላልወለዱ ወዳጆቹ «ልጅህስ ደኅና ናት?» እያሉ በአውሮፕላኗ ይቀልዱበት ነበር።

ዓለምፀሐይ ግን አንድም ቀን አልተሳፈረችባትም። ፎቅ ላይ ሆና ወደ ታች ማየት እንኳ ያስፈራታል። «አንተ ብረር፣ እኔ ምድር ላይ ሆኜ እጸልይልሃለሁ» ትለዋለች። እሱም ይስቅና ለብቻው ይሄዳል።

የብስክሌቷ ነገር የመጣው ከዚያው ከበረራው ነው። ክፍለ አገር ሄዶ ሲያርፍ ማረፊያው ከከተማ የራቀ ሜዳ ይሆንበታል። ታክሲ የለም፣ ቦዳቦዳ የሚሉት የኪራይ ሞተር ብስክሌትም አይመጣም። ፈረንጆቹ ከአውሮፕላናቸው ሆድ ተጣጣፊ ብስክሌት ጎትተው ያወጡና ዘርግተው ሽው ሲሉ እያየ ልቡ ቀና። ግን የእሱ አውሮፕላን የዕቃ መጫኛ በር ጠባብ ናት። ስለዚህ አንድ ትልቅ ካርቶን አምጥቶ በበሯ ልክ ቀዳዳ ቀደደበት። በዚህ ያለፈች ብስክሌት በአውሮፕላኗም በር ታልፋለች ማለት ነው። ካርቶኑን ከቀደደ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሐኪሙ ከለከለው። ክልከላውን ረሳው፤ ካርቶኑን ግን አልረሳም።

ጃፈር የሞያሌ ልጅ ነው፤ ኢስሊ ውስጥ ያገለገሉ ብስክሌቶች ይሸጣል። ገብረመድህን መጀመሪያ ቀን የሱቁን ተጣጣፊ ብስክሌት ሁሉ አንድ በአንድ አየ። ጎማቸው ትልልቅ የሆኑት ሲነዷቸው ይመቻሉ፤ በካርቶኑ ቀዳዳ ግን አላልፍ አሉ። አንዷ ላባ የመሰለች ቀላል ነበረች፤ የማጠፊያዋን መቆለፊያ ነካ ነካ አደረገና ተዋት። «አየር ላይ ስንናጥ ተከፍታ መስኮት ብትመታብኝስ?» አለ። በመጨረሻ አንዲት ትንንሽ ጎማ ያላት አረንጓዴ ብስክሌት አገኘ። ሦስት ቦታ ታጥፋ ሻንጣ አከለች፤ በቀዳዳው ሳትነካ አለፈች። ሰንሰለቷ ስለተሸፈነ ልብስ ግራሶ አትቀባም። ዘረጋትና ኮርቻዋን እስከ ታች ድረስ ዝቅ አደረገው።

«ጋሽ ገብሬ፣ ለእርስዎ ቁመት አታንስም?» አለ ጃፈር።

«ልክ ናት» አለ ገብረመድህን። ሌላ አልጨመረም።

ገዟት። ጃፈር ፍሬኗን አስተካክሎ እንዲያቆያቸው ተስማምተው ተመለሱ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ገብረመድህን ጸጉሩን አበጥሮ፣ ጃኬቱን ለብሶ፣ ካርቶኑን በብብቱ ይዞ በር ላይ ቆመ።

«ዓለሜ፣ ተነሺ እንጂ! ዛሬ ብስክሌት እንምረጥ።»

«ገዛን እኮ ገብሬ! ባለፈው ሳምንት፣ አረንጓዴዋን!»

ፊቱ ተለዋወጠ። የተቆጣ መስሏት ነበር፤ ኋላ ግን ፍርሃት መሆኑን አየች። ከዚያ ወዲህ ገዛን ብላው አታውቅም። ነጠላዋን ደርባ ተከተለችው። ሱቁ ደርሰው እሱ ብስክሌቶቹን ሲያገላብጥ ጃፈርን ወደ ጓዳ ጠርታ በሹክሹክታ ነገረችው። ጃፈር ብዙ አልጠየቀም። የተሸጠችውን ብስክሌት ከጓዳ አወጣና ከሌሎቹ መካከል አቆማት።

«እትዬ ዓለም፣ እዚሁ ትቆይልዎት። ወላሂ ማንም አይነካትም» አላት።

እንዲህ ሆኖ ብዙ ቅዳሜ አለፈ። ገብረመድህን በየሳምንቱ እንደ አዲስ ገብቶ፣ እንደ አዲስ መርምሮ፣ ያቺኑ አረንጓዴ ይመርጣል። ኮርቻዋንም ያወርዳል። ጃፈር እሱ ከሄደ በኋላ ኮርቻውን መልሶ ከፍ ያደርጋል፤ ሰውየው የሚሠራው ነገር እንዳያጣ ብሎ ነው። ዓለምፀሐይ አንዲት በርጩማ ላይ ተቀምጣ ታየዋለች። በእነዚያ ሰዓቶች እጁም አእምሮውም የድሮው ገብሬ ነበር፤ ለዚህ ስትል ሳምንቱን ሙሉ ቅዳሜን ትጠብቃለች።

አንድ ቅዳሜ ግን ሱቁ መሀል ቆሞ ካርቶኑን አገላብጦ አየና፣ «ይሄ የምንድን ነው?» አላት።

«የአውሮፕላንህ በር ልክ ነው።»

«አሃ» አለ። ግን አልገባውም። ካርቶኑን በትሕትና ለጃፈር ሰጠው።

ያን ዕለት ስትመለስ ኪፕሮኖ ጋ ደወለች። «ሳይመሽብን፣ ሁሉንም ሳይረሳ፣ በአውሮፕላኗ ውሰደን» አለችው በስዋሂሊ፤ «አንተ ታበርራለህ፣ እኔም እመጣለሁ።» «ማማ ዓለም፣ አንቺም?» አለ ኪፕሮኖ።

አየሩ በጠራ አንድ ማለዳ ተነሡ። ብስክሌቷ ታጥፋ በበሯ ስትገባ ግራና ቀኝ የጣት ያህል እንኳ አልተረፈም። ገብረመድህን ከፊት፣ ከኪፕሮኖ ጎን ተቀመጠ። ዓለምፀሐይ ከኋላ ሆና የመቀመጫውን ጠርዝ ጨምድዳ ያዘች፤ አውሮፕላኗ ስትነሣ ዐይኗን ጨፈነች፤ ዳዊቷንም በልቧ ደገመች። ዐይኗን ስትገልጥ የኬንያ ተራራ በረዶውን ተሸክሞ በመስኮቱ በኩል ቆሟል። «ገብሬ፣ እየው!» ብላ ትከሻውን ነካችው። ዘወር ብሎ ፈገግ አለላት፤ ሰው ለማያውቀው መንገደኛ ፈገግ እንደሚለው። ልቧ ትንሽ ቀዘቀዘ። የሞተሩ ድምፅ ነው፣ አልሰማኝም ብላ ራሷን አጽናናች።

ከተራራው ግርጌ፣ ናንዩኪ ከተማ ዳር ሲያርፉ ኪፕሮኖ ብስክሌቷን አወረደ። ገብረመድህን ማንም ሳያሳየው ዘረጋት፤ መቆለፊያዎቹን አጠበቀ፣ ኮርቻዋን አወረደ። ከዚያ ወጣባትና ጉልበቱ ደረቱን ሊነካ እየደረሰ በሜዳው ዳር ባለው መንገድ ዞረ። አንዴ ሄዶ ሲመለስ ዓለምፀሐይ ፊት ቆመና ወረደ።

«ይቅርታ እመቤቴ፣ እርስዎም የአገሬ ሰው ነዎት መሰለኝ።»

ኪፕሮኖ አማርኛ አይሰማም፤ ፊቷን ግን አይቶ ራቅ አለላቸው።

«አዎ፣ የአገርዎ ሰው ነኝ» አለችው።

«እግዜር ይስጥልኝ። እንግዲያው ልጠይቅዎት። ይቺ ብስክሌት ለሴት ትመቻለች ይላሉ? ለባለቤቴ ነው የመረጥኳት።»

«ለባለቤትዎ?»

«እሷ አጠር ያለች ናት፤ ለዚህ ነው ኮርቻውን ያወረድኩት። እኔማ ከጎኗ በእግሬ እሄዳለሁ። አውሮፕላን ትፈራለች፤ እኔ ስበር ቤት ሆና ስትጨነቅ እንደምትውል ደግሞ አውቃለሁ። አንድ ቀን ብትመጣልኝ ከሜዳው እስከ ከተማ እግሯ እንዳይደክም ብዬ ነው።»

ዓለምፀሐይ እጇን ዘርግታ ኮርቻውን ዳሰሰች። እሱ ይህን እንደ እሺታ ወሰደው።

«እስቲ ይሞክሯት። ቁመትዎ ከእሷ ጋር አንድ ይመስለኛል።»

ብስክሌት ነድታ አታውቅም። ቢሆንም ቀሚሷን ሰብስባ ወጣች። እግሮቿ መሬት ልክክ አሉ። ገብረመድህን ኮርቻውን ከኋላ ይዞ በቀስታ ገፋት፤ እሷ መሪውን ይዛ ወዲያና ወዲህ እየተወላገደች ሄደች። «አይዞዎት፣ ይዤዎታለሁ፤ ወደ ፊት ይመልከቱ» ይላታል እየሮጠ፣ እያለከለከ። ከፊቷ ያለው መንገድ በእንባ ተድበሰበሰባት። ያለቀሰችበትን ምክንያት እንዳይጠይቃት ነፋሱን አመካኝታ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው።

ስትወርድ፣ «አዩ፣ ትመቻለች» አላት ደስ ብሎት። ወዲያው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ምናልባት ናይሮቢ ውስጥ ካገኟት እንዳይነግሩብኝ። ዓለምፀሐይ ትባላለች። ድንገት ላስደስታት ነው።»

«አልነግራትም» አለችው።

ከዚያ በኋላ አብረው አልበረሩም። በመጋቢት የረጅሙ ዝናብ ወቅት ሲገባ ገብረመድህን ቅዳሜን መለየት ተወ። ጃፈር ሁለት ሦስት ጊዜ ደውሎ ጠየቀና ኋላ እሱም ዝም አለ። ዓለምፀሐይ ምግብ ቤቷን ለእህቷ ልጅ አስረክባ ካሳራኒ ከባሏ ጋር ትውላለች። ታጥበዋለች፣ ታጎርሰዋለች፣ ሰገነቱ ላይ ፀሐይ ታሞቀዋለች። «አንተ» ስትለው ይደነግጥባታል፤ የማያውቃት ሴት እንዴት ትደፍረኛለች በሚል ዐይን ያያታል። ስለዚህ ተወችው። አሁን «ይቀመጡ፣ ይብሉ፣ ቀስ ብለው ይራመዱ» እያለች ታናግረዋለች። አንቱታዋን በግድግዳው በኩል ስትሰማ የሰነበተች አዲስ ሐበሻ ጎረቤታቸው አንድ ቀን ደረጃ ላይ አግኝታት፣ «አባትዎ እንዴት ዋሉ?» ብላ ጠየቀቻት። ዓለምፀሐይ አላረመቻትም። «እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ ቁልፏን አወጣች።